ንብ የደፈነው ሽጉጥ

ይሄን የምጽፈው ለማሳመን አይደለም፤ ለማሳመን አቅሙም የለኝ። ግን ሆኗል... በዓይኔ አይቻለሁ።

ሐምሌ 1996። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። ቦንጋ፣ ከገበያው በታች ባለችው ብየዳ ቤቴ።

ዝናቡ መቼ እንደጀመረ እንኳ ረስቼዋለሁ። ወገቤን ያመኛል፤ ዘግቼ ልተኛ ነበር።

ላቀች ገባች። ከነጠላዋ ሥር ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ጋሽ ዋለ... ይሄ ይተኩሳል?"

ወሬውን ሰምቻለሁ። ባሏ ገብረሚካኤል ቀፎ ሊያይ ጫካ ገብቶ በጥይት ሞተ። ሬሳውንም ይሄን ሽጉጥም ያመጣው ወንድሙ ቢሻው ነው። "በገዛ ሽጉጡ ራሱን አጠፋ" አለ። ሽጉጡ ፈቃድ ስለሌለው ለፖሊስ የነገረ የለም። ራሱን ላጠፋ ደግሞ ፍትሐት የለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሩት።

"ካልተኮሰ ራሱን አላጠፋም ማለት ነው" አለች። "ቄሱ አጥር ውስጥ ያስገቡልኛል።"

ምላጩን ሳብኩ። ንቅንቅ የለም።

ደህና ቢሆን ምላጩ ሲሳብ መምቻው ይነሳል፤ ጥይት የሚጎርሰው ከበሮም ይዞራል። ሲቆለፍ መጀመሪያ የማየው የቀለሃ ማስወጫውን ዘንግ ነው፤ ከላላ ከበሮውን ይይዘዋል። አልላላም። ከበሮውና አካሉ መሃል ባትሪ አበራሁ።

ሰም ነው። አፈሙዙም እስከ ውስጥ ድፍን... የጠቆረ፣ አሮጌ የንብ ሰም።

"የት ነበር የሚደብቀው?"

"ቀፎ ውስጥ። መንግሥት ሲለወጥ፣ መሣሪያ ሲሰበሰብ ነው የከተተው። ከዚያ ወዲህ ነክቶት አያውቅም።"

አንዲት ጥይት ብታልፍበት ይሄ ሰም አይተርፍም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ድካም ተሰማኝ። እሱ ካልተኮሰ... ማን?

አፈሙዙን ወደ በሩ አድርጌ ብረት ማጥበቂያው ሞርሳ ላይ አሰርኩት።

ቀና ስል በሩ ላይ ቢሻው ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላየሁም። ዝናቡ አበስብሶታል።

"ጋሽ ዋለ" አለ በሹክሹክታ። "ያላቅቁት። ሥራዎ እሱ አይደል?"

"ቄሱ ሳያዩት አልነካውም።"

"እባክዎ... በእሳት ያሙቁት፤ ሰሙ ይቅለጥ።"

ያኔ ቀጭ አለ።

ሦስታችንም ሞርሳውን አየን። ምላጩ ወደ ኋላ እየሄደ ነው... በዝግታ። ጣት የለበትም።

መምቻው ተነሳ። ከበሮው ዞረ። ሰሙ ግን አልተሰነጠቀም።

ቢሻው ተንበረከከ።

"ለቡና መሬቱ ብዬ ነው... ወንድሜ... ተው።"

ላቀች ወደ እኔ ዞረች።

"ሰምተዋል አይደል፣ ጋሽ ዋለ?"

"ሰምቻለሁ።"

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ዓይኔን ከሽጉጡ መንቀል አልቻልኩም።

ምላጩ እስከ ጥግ እንደተሳበ ቆሟል። ከሥሩ፣ ጠብ... ጠብ... እያለ አዲስ ማር ወለሉ ላይ ይወርዳል።