በረዶ ለደሴቷ

ሰላሙ የሞተው ምድር ቤቱ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በጠራራ ቀን፣ ሁለት ሽቦ እንደያዘ ነው። ሽቦዎቹ ግድግዳውን ታክከው አምስት ፎቅ ወጥተው፣ ጣሪያው ላይ ከተደረደሩት ሶላሮች ጋር ይገናኛሉ። የገደለው የመንግሥት መብራት አይደለም፤ የሮማ ፀሐይ ነች።

ከቀብሩ በኋላ ጉዳዩ ለኢንስፔክተር ሲኒት ተሰጠ። ሲኒት እዚሁ ሮማ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷ ጓዳ የለመደች፣ ሰው ሲዋሽ ቶሎ የሚሰለቻት ሴት ናት። ቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ ያለው አሮጌ ሕንፃ ስትደርስ የሚጠየቁት ሰዎች ሦስት ብቻ ነበሩ።

አንደኛው ቃለጽድቅ፣ የሟቹ ሸሪክ ነው። ሁለተኛዋ ኢዳሊና፣ ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶች መጥታ ሮማ የምትኖር ሌላዋ ሸሪክ። የኢዳሊና እህቶች አገራቸው ላይ ዓሣ ይሸጣሉ። የጄኔሬተር ናፍጣ በመርከብ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም፤ በረዶ የለም፤ ጠዋት የተያዘ ዓሣ ከሰዓት ይሸታል። ሁለቱ ከሰላሙ ጋር ተሰባስበው በፀሐይ ብቻ በረዶ የሚሠራ ማሽን ለእነዚያ ትንንሽ ነጋዴዎች ሊያደርሱ ደፋ ቀና ሲሉ ነው ሞት የመጣው። ሦስተኛዋ እማማ ንግሥት፣ ሰላሙን እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ቤታቸው ያኖሩት አሮጊት ናቸው።

ሲኒት በቃለጽድቅ ጀመረች።

«እሺ፣ ሰላሙ ሲሞት የት ነበርክ?»

«ጣሪያው ላይ።» ከዚያ የሥራቸውን ደንብ ነገራት። ሶላር ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኤሌክትሪክ ከማመንጨት አያርፍም። ስለዚህ ሽቦ ሲቀጥሉ ሶላሮቹን በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኗቸዋል፤ አንዱ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሌላው ታች ይቀጥላል።

«ብርድ ልብሱን ማን አነሳው?»

«ማንም አልመጣም። እንደተሸፈነ ነበር።»

«ፖሊስ ሲወጣ ሶላሮቹ ራቁታቸውን ነበሩ፤ ብርድ ልብስም አልተገኘም።»

 ያን ጠዋት ቃለጽድቅና ሰላሙ እንደተጣሉ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል። ቃለጽድቅ ማሽኑ ወደ ደሴቶቹ ቶሎ ይጫን ሲል፣ ሰላሙ አንዴ ልሞክረው ብሎ እምቢ ብሏል። ሲኒት በመሃሉ፣ ነገሩ ያልገባት መስላ፣ አየሩ እንዴት እንደነበር ጠየቀችው። ጠራ ያለ ነበር፣ ደመና እንኳ አልነበረም አላት።

«ዛሬ ማታ ሊያስሩህ ነው። ፔርሜሶህም፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ አብሮ ይሄዳል።»

«አውቃለሁ» አለ። የሚታሰር ሰው ድንጋጤ ፊቱ ላይ አልታየም፤ እንዲያውም የፈለገው ይመስል ነበር። ሲኒትን የከነከናት ይህ ነው።

ኢዳሊና በጣሊያንኛ እያለቀሰች የምታውቀውን ተናገረች። እኩለ ቀን ላይ ስትመጣ ድንገተኛ ዝናብ አበስብሷት በሩ ሥር ተጠልላለች። ሴቶች ልብሳቸውን ሊያነሱ ደረጃውን ሲሮጡ ሰምታለች። ዝናቡ ወዲያው አባራና ዓይን የሚያጠፋ ፀሐይ ወጣ፤ ወርክሾፑን ስትከፍት ሰላሙ ወድቋል።

ሲኒት ከዚያ እማማ ንግሥት ቤት ገባች። በሰላሙ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ግርጌ፣ ጥቋቁር የሱፍ ብርድ ልብሶች ጠርዛቸው ከጠርዛቸው ገጥሞ ተጣጥፈዋል።

«ማን አጣጠፋቸው፣ እማማ?»

«እሱ ራሱ ነዋ፣ ልጄ» አሉ እማማ ንግሥት፣ ዓይኗን ሳያዩ። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ከቀብሩ ወዲህ እህል እንዳልቀመሱ ጎረቤት ነግሯታል።

ከሰዓት በኋላ ሲኒት ሦስቱንም እዚያው ሳሎን አስቀመጠቻቸው። ደስ የሚል ሥራ አልነበረም፤ ቶሎ ልትጨርሰው ፈለገች።

«ቃለጽድቅ ዋሽቷል» ብላ ጀመረች። «ጣሪያ ላይ የቆመ ሰው ኢዳሊናን ያበሰበሰውን ዝናብ ሳያይ አይቀርም። ዝናቡን ያላየኸው ከመሬት በታች ስለነበርክ ነው። ተናደህ ሜትሮ ባቡር ውስጥ ገባህ፤ አይደለም?»

ቃለጽድቅ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ሁለት ፌርማታ ሄጄ ተመለስኩ። ስመለስ ሞቷል። ጥዬው ሄድኩ ከምል፣ ገደልከው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ስለዚህ ጣሪያው ላይ ጠባቂ አልነበረም። ሰላሙ ግን አለ ብሎ አምኗል። አሁን ብርድ ልብሶቹ። ነፍሰ ገዳይ ቢሆን ገፎ ይጥላቸዋል ወይም ይደብቃቸዋል፤ አጣጥፎ ሟቹ አልጋ ላይ አያስቀምጥም። ሰላሙም ራሱ አላነሳቸውም፤ ቢያነሳቸው ሽቦውን በባዶ እጁ አይነካም ነበር። ያነሳቸው ሰው ዝናብ ሲጥል የወጣ ሰው ነው። ጣሊያኖቹ ጎረቤቶች የራሳቸውን ልብስ ለቅመው ወረዱ። የሰው ልብስ አይነኩም፤ እንደ ነውር ነው የሚያዩት። እኛ ቤት ግን የጎረቤት ስጥ ዝናብ ሲመታው ዝም ብሎ የሚያልፍ ሴት አላየሁም። እናቴም አታልፍም። ይህ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ የእኛ ሴት አንድ ብቻ ናት።»

ማንም ወደ እማማ ንግሥት ለመዞር አልደፈረም።

«ፀሐይ ሊያስመታው ያሰጣው መስሎኝ» አሉ እማማ ንግሥት በመጨረሻ። «ከሥሩ ያለውን ነገር ማስጫ ነው ብዬ። እንዳይርስበት ብዬ እኮ ነው።»

«ማንሳትዎ ወንጀል አይደለም፣ እማማ። ግን ከዚያ በኋላ ገብቶዎታል።»

«ፖሊሱ ብርድ ልብስ የት ገባ ሲል ያን ዕለት ገባኝ። ይሄን ልጅ ሲያመላልሱት በመስኮት አያለሁ፤ እናገራለሁ እላለሁ፤ አፌ አይከፈትም።» «የሰላሙ እናት በየቀኑ ትደውላለች። ልጄን እንደ እናት ይዘሽልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ ትለኛለች። እኔም አሜን እላታለሁ።»

ሲኒት፣ ስንት ገዳይ ያጋለጠች ሴት፣ ያን ጊዜ የምታደርገው ጠፋት። ቃለጽድቅ አይታሰርም፤ የመጣችበት ጉዳይ አልቋል። ሆኖም እንዲህ የከበዳት ጉዳይ ኖሮ አያውቅም።

ቃለጽድቅ ተነስቶ እማማ ንግሥት እግር ሥር ተቀመጠ። ቆሜ ብጠብቅ ኖሮ እርስዎ ባላነሱት ነበር፣ አላቸው። አሮጊቷ ራሱን ዳበሱትና የሰላሙ እናት ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ስልኩን እንዲያቀብላቸው ጠየቁት። ደወሉ። ሁሉም ሰው ይሰማ ነበር፤ ስልኩ አንዴ ጠርቶ ተነሳ፣ እማማ ንግሥት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ የሰላሙ እናት ቀደሙ።

«እህቴ፣ እንዴት ዋልሽ? ዛሬስ እህል ቀመስሽልኝ?»