ለጨጓራሽ ብዬ

ኬክ ሠሪዋ ስኳር እንዳለባት በተነገራት ሳምንት የኬክ ቤቱ ትልቁ ምድጃ ተበላሸ። ሁለቱን ነገሮች ምንም አያገናኛቸውም። ግን አንዱ ቀርቶ ሌላው ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ የሚወራ ነገር አይኖርም ነበር።

ሐኪም ቤት ነርሷ ስለ አመጋገቧ ስትጠይቃት «ጣፋጭ ነገር ብዙም አልበላም፣ ሲስተር» ብላ ነበር። ለመዋሸት ብላ አይደለም። ኬክ ከምድጃ ሲወጣ አናቱ ያብጣል፤ ክሬም ከመቀባቱ በፊት ያ እብጠት በረጅም ቢላዋ ተልጦ ይነሳል። የተላጠው ደግሞ እስከዚያን ቀን ድረስ ወደ አፏ እንጂ ወደ ሌላ ቦታ ሄዶ አያውቅም። ክሬሙ በማንኪያ ጫፍ፣ ሽሮፑ በጣት ይቀመሳል። ይህ ሁሉ በእሷ ሒሳብ ሥራ እንጂ መብላት አልነበረም። ነርሷ ጠጋ ብላ አንድ በአንድ ስታስቆጥራት ራሷም አፏን ይዛ ቀረች።

እናቷ ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች። እንባዋን ስትጨርስ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለቻት። «ገና አግብተሽ የምትወልጂ ልጅ ነሽ። ስኳር አለባት ከተባለ ማን ዞር ብሎ ያይሻል?»

«እና ለምን አትበዪም ሲሉኝ ምን ልበል፣ እማዬ?»

«ጨጓራ በይ። ጨጓራ የሌለበት ማን አለ?»

ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር እናትየው የልጇን ሳህን በሩዝና በድንች ትቆልለዋለች፤ ሻዩንም አጣፍጣ ታቀርብላታለች። ማንም እንዳይጠረጥር ነው። እንግዳው ሲወጣ ደግሞ «ለምን ሁሉንም በላሽው?» ብላ ትቆጣታለች። ልጅቷ የቱን እንደምትሰማ ግራ ገባት።

ሥራ ቦታ ነገሩ ትንሽ ቀለለ። አፏ ላይ ማስክ አሰረች። እጇ ከልማድ የተላጠውን ኬክ ይዞ ወደ ላይ ሲሄድ ጨርቁ ላይ ይቆምና ያን ጊዜ ትነቃለች። በመጀመሪያው ቀን ማስኩ በፍርፋሪ ተለውሶ ዋለ። ሰውነቷ ግን እየቀለለ፣ ጥማቷም እየቀነሰ ሄደ። የቸገራት አንድ ነገር ነው፤ ሳይቀመስ የሚወጣ ክሬም የሚባል ነገር የለም።

ምድጃውን ሊጠግን የመጣው ኤሌክትሪሻን ከኬክ ቤቱ አጠገብ ባለው መንገድ ላይ ፍሪጅና ምድጃ የሚሠራበት ሱቅ ያለው፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ምላሱ ግን በጣም አጭር ወጣት ነው። ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ ሽቦ ሲፈታ አንድ ማንኪያ ክሬም በትከሻው በኩል ዘረጋችለት።

«እባክህ ይቺን ቅመስልኝ።»

ቀመሰ። «ጥሩ ነው።»

«ይቺስ?»

«ጥሩ ነው።»

«ሁለተኛዋ ላይ እኮ ስኳር ገና አልጨመርኩባትም።»

ኤሌክትሪሻኑ ማንኪያውን አገላብጦ አየው። ጆሮው ቀላ። «አንቺ ስትሰጪኝ ታዲያ ምን ልበል?» አለ።

እሷ ከማስኩ ስር ሳቀች። እሱ ሳቋን ያየው በዓይኗ ብቻ ነው፤ ያም ሳይበቃው አልቀረም፤ የፈታውን ብሎን የት እንዳስቀመጠ ጠፍቶት ቆየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ጥሩ ነው» ሆነ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳትቀር በዚያው ነው የምትጠራው።

ምድጃው ተሠራ። «ጥሩ ነው» ግን ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ብቅ ማለቱን አልተወም። «ምድጃው እንዴት አደረ ብዬ ነው» ይላል። ምድጃው ደህና ነው ያደረው። እሷም ይህን እያወቀች ማንኪያ ታቀብለዋለች። አትቸኩል፣ ምላስህ ላይ አቆየው፣ መጀመሪያ ምን መጣ፣ መጨረሻ ላይ ምን ቀረ እያለች አስተማረችው። ለማስተማር ፊቱን ማየት ነበረባት። ፊቱን ማየቱ ደግሞ ከትምህርቱ ረዘም እያለ ሄደ።

አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና «መጨረሻ ላይ ይመራል» አለ። «ሎሚውን ስትፍቂ ነጩን ነክተሽዋል።»

ልክ ነበር። ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «እውነቱን ብቻ ንገረኝ፣ ሁልጊዜ እንዲህ» አለችው። «አንተ ከዋሸኸኝ እኔ ዕውር ሆንኩ ማለት ነው።»

«እሺ። ግን አንቺ ለምንድነው ራስሽ የማትቀምሺው?»

ዓይኗን በጨው ታጥባ «ጨጓራ አለብኝ» አለችው።

የስህተቱ መጀመሪያ ይህ ነው። የ«ጥሩ ነው» ፊት በሐዘኔታ ተሸበሸበ። እናቱን ጨጓራ ያንገላታት እንደነበር፣ የጠቀማትም አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገራት። በማግስቱ አንድ አሮጌ ሰማያዊ ፐርሙዝ ታቅፎ መጣ። ውስጡ ትኩስ ወተት ነበር፤ በማር የተሞላ። እጁን ሰብሰብ አድርጎ ማር የሚጨምር ሰው አይደለም፤ ማንኪያው ወተቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዳይቆም እግዚአብሔር ነው የጠበቀው።

«ለጨጓራ ፍቱን ነው» አለ። «በባዶ ሆድ ነው ታዲያ።»

ለአንድ ቀን ነው ብላ ጠጣችው። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን በደንብ የበሰለ ሙዝ ተጨመረበት። ከኬክ ፍርፋሪ ጋር በማስክ ስትታገል የከረመች ሴት ፐርሙዝ ይዞ በር ላይ የሚቆም ወንድን በምን ትከላከለው? ለእሷ ብሎ ከቤቱ አስቦ የወጣ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠማትም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ይጣፍጥ ነበር።

አንድ ጠዋት ቆረጠችና እሱ እንደወጣ ኩባያውን ይዛ ወደ እቃ ማጠቢያው ሄደች። ልትደፋው ስታዘነብል ረስቶት የሄደውን ፒንሳ ሊወስድ ተመልሶ ገባ።

«ቀዘቀዘብሽ?» አለ፤ ኩባያውን ከእጇ ተቀብሎ ደፋውና በትኩስ ሞላላት። ቆሞ አስጨረሳት።

በቀጠሮዋ ቀን ነርሷ ውጤቱን አይታ መነጽሯን አወለቀች።

«መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«ጣፋጭስ?»

«ትቻለሁ።»

«ደምሽ ግን አልተወም፣ እህቴ። ከመጀመሪያውም ብሷል። ዓይንሽ ላይ ብዥ የሚል ነገር አለ?»

«የለም» አለች። ነበር። ከጥቂት ቀናት ወዲህ የግድግዳው ሰዓት ቁጥሮች ተደበላልቀውባታል። ግን አዎ ካለች ወደ ጥያቄ፣ ከጥያቄው ወደ ፐርሙዙ ይደረሳል። ፐርሙዙ ከቀረ ደግሞ ሰውየውም የሚቀር መሰላት።

ነርሷ ለማመን የከበዳት ትመስላለች። «ሥራሽ የእጅና የዓይን ነው» አለቻት። «ዓይን በስኳር ከተጎዳ እንደ ምድጃ የሚጠግነው አይገኝም። በዚህ ከቀጠለ የምታጪው እሱን ነው።»

ከዚያ ቀጥሎ የሰርግ ኬክ ትዕዛዝ መጣ። ባለ ሦስት ደርብ ነው፤ በየደርቡ ዙሪያ ከክሬም የተሠራ የጽጌረዳ ረድፍ ይዞረዋል። እጇ ለምዶታልና ዓይኗ ቢደክምም ጨረስኩት ብላ ቀና አለች። «ጥሩ ነው» በር ላይ ፐርሙዙን ይዞ ቆሟል። ኬኩን አየ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዞረው።

«ምን ሆነሃል? ተናገር እንጂ» አለችው።

«ይሄ ጥሩ አይደለም።»

ክው አለች። ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም።

«የመሃሉ ረድፍ ጠማማ ነው። እዚህ ጋ ወርዷል፣ በዚያ በኩል ሽቅብ ወጥቷል። አይታይሽም?»

ጠጋ ብላ አየች። ነጭ በነጭ ላይ ተደፍቶ፣ ጽጌረዳው ከክሬሙ አይለይም። ክሬም የምትጨምቅበትን ቱቦ አስቀመጠችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አይታየኝም» አለች። «ጨጓራ የለብኝም። ስኳር ነው ያለብኝ።»

ፐርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ምድጃውን ሳትሠራው በፊት ጀምሮ።»

ፐርሙዙን አየው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሙዝ አየው። «እኔ ለጨጓራሽ ብዬ …» አለ። «በገዛ እጄ። ቆሜ እያስጨረስኩሽ። አንቺ ደግሞ እየሳቅሽ ትጠጪያለሽ።»

«ከነገርኩህ የምትቀር መስሎኝ ነው።»

«እውነቱን ብቻ ንገረኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ፐርሙዙን አንስቶ በዝግታ ወጣ። በሩን እንኳ አልወረወረውም፤ ቢወረውረው ይሻላት ነበር።

ጽጌረዳዎቹን ፍቃ በገንዘብ ተቀባይዋ ዓይን እየተመራች እንደገና ሠራቻቸው። ኬኩ ከሄደ በኋላ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሄዳ ለነርሷ የማሩን፣ የሙዙን፣ የብዥታውን፣ የእናቷን ሩዝ ሁሉንም ዘረገፈችው። ነርሷ ስለ ፐርሙዙ ስትሰማ ሳቋ መጥቶባት ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያ ኮስተር አለች። ወደ ዓይን ሐኪም ላከቻት፤ እሱም ገና ከባድ ጉዳት አለመድረሱን፣ ስኳሩ ሲወርድ ብዥታው ሊለቃት እንደሚችል ነገራት። ከሥራ ፈቃድ ወሰደች።

ቤት መዋሉ ከኬክ ቤት የባሰ ሆነ። የሳህኗን ግማሽ አትክልት አደረገች፣ ሩዙን በጭብጧ ልክ ወሰነች፣ በሰዓቱ በላች። ርቧት አይደለም የምትቸገረው፤ ሲከፋት ነው። ሆድ ሲብሳት እጇ ዳቦ ፍለጋ ይነሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ዳቦ በማርማላታ ቆማ ጨረሰች። ራሷን ረግማ ስታበቃ ለእራት እንደገና አትክልቷን ከተፈች። «ጥሩ ነው» አልመጣም። «ማን ዞር ብሎ ያይሻል?» ያለው የእናቷ ድምፅ ከሳሎን እስከ ወጥ ቤት ይከተላታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። እሱ ነው፤ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ያንኑ ሰማያዊ ፐርሙዝ ታቅፎ።

እናትየው በሁለቱ መካከል የሆነውን አላወቀችም። ያየችው ፀጉሩን በደንብ ያበጠረ ወጣት ነው፤ በቃት። ሳሎን አስቀምጣው ስለ ሥራው፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቀችው። ብስኩት ደረደረች። ሻይ ቀድታ በእንግዳው ብርጭቆ ስኳር ጨመረች፤ ቀጥላም የልጇን ብርጭቆ አጣፈጠችና እያማሰለች ፊቷ አስቀመጠችው።

ልጅቷ ብርጭቆውን አየችው፤ እሱን አየችው። አንገቱን ደፍቶ የፐርሙዙን እጀታ ይነካካል። ለመቀየም መጥቶ ይሁን ለመታረቅ ከፊቱ አይነበብም። ለማንኛውም የዛሬው ሻይ በእሱ መምጣትና መሄድ የሚወሰን እንዳልሆነ ገባት። ብርጭቆውን ወደ እናቷ ገፋችው።

«እማዬ፣ ያለ ስኳር አድርጊልኝ።»

እናትየው በጠረጴዛው ስር ቆነጠጠቻት። «ኧረ ልጄ ምን ነክቷት ነው፣ እሷ እኮ ጣፋጭ ትወዳለች። ትንሽ ጨጓራ ነገር …»

«ስኳር ነው ያለብኝ፣ እማዬ። እሱም ያውቃል።»

ማንኪያው በእናትየው እጅ ላይ ቆመ። ወደ ወጣቱ ዞረች። «እያወቅህ ነው የመጣኸው?»

«እያወቅሁ ነው፣ እማማ።»

«ነገ ብትታመምስ?»

«እኔ የምኖረው የሚበላሽ ነገር እየጠገንኩ ነው» አለ። ከዚያ የተናገረውን ሲሰማው ደነገጠ። «እሷን ማለቴ አይደለም። ማለቴ … ታመመች ብዬ ጥዬ አልሄድም ለማለት ነው። እርስዎ ከፈቀዱ ሽማግሌ ልልክ ነው የመጣሁት።»

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሮ አያውቅም። እናትየው ስኳር የገባበትን ሻይና የብስኩቱን ሳህን አንስታ ወጥ ቤት ገባች። እዚያም ሻይ ለመድፋት ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ቆየች፤ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል።

«ለምን ጠፋህ?» አለችው ልጅቷ።

«ተናድጄ ነበር።» ትንሽ አሰበ። «ንዴቱ በረደልኝ። ከዚያ ደግሞ ምን ይዤ እንደምመጣ ጠፋኝ።»

«እና ይሄ ምንድነው?»

ፐርሙዙን ከፍቶ በክዳኑ ቀዳላት። እንፋሎቱ ወጣ። ሽታ የለውም።

«ውሃ ነው።»

«ምን ገባበት?»

«ምንም። አፈላሁት፣ ይኸው። የማሩ ሽታ እንዲለቀው ፐርሙዙን ስንቴ እንዳጠብኩት።»

ክዳኑን በሁለት እጇ ያዘችው። ጎንጨት አለችና እሱን እንዳስተማረችው ምላሷ ላይ አቆየችው፤ መጀመሪያ የመጣው ሙቀት ነው፣ መጨረሻ ላይም የቀረው ሙቀት ነው። እሱ ጎንበስ ብሎ ፊቷን ይመለከታል፤ ብዥታው ከቀናት ወዲህ እየለቀቃት ነበርና የቅንድቡን ፀጉር ሳይቀር አየችው።

«እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው» አለችው።