ሁለት ካሜራና አንድ መስኮት

ይህ የሆነ ነገር ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ በውስጥ መስመር አትጨቅጭቁኝ... አልመልስም።

ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ቦታው ካይሮ፣ ማዓዲ። ለስለስ ያለች የጥር ፀሐይ ወጥታለች። ጨለማ የለም፣ ውሻ አይጮህም፣ መብራት አልጠፋም። የሚያስፈራ ነገር በቀን አይመጣም የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብ።

ይህ ቻናል የካሜራ ቻናል መሆኑን ታውቃላችሁ። ለአዲስ ገቢዎች፣ ስሜ ቶማስ ነው። አርድ ኤል ሊዋ የሚባል የካይሮ ሰፈር እኖራለሁ፤ የሐበሻ ሠርግና ክርስትና እያነሳሁ እበላለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ስትልኩልኝ ነበር... «ቶሚ፣ አሮጌ ዲኤስኤልአር ይሻላል ወይስ አዲሶቹ ሱፐርዙሞች?»

አወዳድሬ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ጠፋሁ። የጠፋሁበት ምክንያት ይኸውላችሁ።

አሮጌው የራሴ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ያገለገለ ዲኤስኤልአር፤ መያዣው ላይ ያለው ጎማ ተላጦ በፕላስተር አስሬዋለሁ። ሌንሱ ይነቀላል፣ ይጸዳል፣ በሌላ ይለወጣል።

አዲሱን ከአንድ የአየር መንገድ ሠራተኛ ለሦስት ቀን ተዋስኩት። ሌንሱ አይነቀልም። ቁልፉን ስትጫኑት እንደ ኤሊ አንገት ቀስ እያለ ይወጣና በጣም ሩቅ ያለውን ነገር አፍንጫችሁ ሥር ያመጣላችኋል።

እኔ ደግሞ ተጸያፊ ሰው ነኝ። የሰው ላብ የነካውን ቪውፋይንደር በአልኮል ሳልጠርግ ዓይኔን አላስጠጋም። ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኛል።

አሁን ከአስካለ ጋር ላስተዋውቃችሁ።

አስካለ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ከአራት ሴቶች ጋር ተዳብላ ትኖራለች። ዛማሌክ ሰፈር በተመላላሽ የቤት ሠራተኝነት ትሠራለች። ታናሽ እህቷ ከፍያለች ግን ማዓዲ ነው የተቀጠረችው፤ በአንድ የታጠረ ግቢ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ እዚያው እያደረች።

ከስድስት ወር በፊት ማዳሟ ስልኳን ቀማቻት። እንደምትቀማ አውቃ ለእህቷ የደወለችው የመጨረሻ ስልክ ይህ ነበር።

«አስኩ፣ ዓርብ የማዳም ባል ለጁምዓ ሲወጣ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። እጄን አወዛውዝልሻለሁ።»

«እመጣለሁ።»

«ግቢው ድረስ እንዳትመጪ፤ ጥበቃው ይናገርብኛል። ከሩቅ እዪኝ። እስካየሽኝ ድረስ ለእማዬ ደህና ናት በያት።»

«ካላየሁሽስ?»

«ያን ቀን እውነቱን ንገሪያት።»

እናታቸው ደብረ ታቦር ናቸው። ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ክፉ ወሬ እንዳያሰሟቸው አስጠንቅቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዓርቡ አስካለና እኔ በሜትሮ ማዓዲ እንወርድና ከሐዲዱ ማዶ ያለ ሕንጻ ጣሪያ ላይ እንወጣለን። የሕንጻው ዘበኛ አንድ ፓኬት ሲጋራ ይቀበለንና ቁልፉን ይሰጠናል።

ከጣሪያው እስከ ከፍያለች መስኮት ሦስት መቶ ሜትር ይሆናል። በአሮጌው ካሜራ የምትታየው ጣት አክላ ነው... ነጭ ሻሽ፣ ክብ ፊት፣ የሚወዛወዝ እጅ። ዙሪያውን ቆርጬ አጎላትና ለእናትየው እንልካለን። እሳቸውም የጎረቤት ስልክ ላይ አይተው ይመርቁናል።

ካልኳችሁ ዓርብ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ነገር መለወጥ ጀመረ።

ከፍያለች ወፈረች።

በመጀመሪያው ዓርብ ጉንጯ ሞላ። በሁለተኛው አንገቷ ጠፋ። በሦስተኛው ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተወጥሮ ሊተረተር ደርሶ ነበር።

አስካለ በደስታ አበደች። «እያት እስቲ፣ ተመችቷታል» አለችኝ። «ምግብ አይከለክሏትም ማለት ነው።»

እናትየውም በድምፅ መልእክት መለሱ። «ልጄ ወፍራልኛለች፤ ወዟ መጥቷል። ተመስገን።»

ፊቷ ግን ጠቁሮ ነበር። እኔም ለሐበሻ ደንበኛ ሁሉ እንደማደርገው ስልኬ ላይ ፈካ አደረግሁላት። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩ።

ይህን ስጽፍ የገዛ እጄን እጸየፈዋለሁ።

በአራተኛው ዓርብ ሁለቱንም ካሜራዎች ይዤ ሄድኩ። ለእናንተ ለማወዳደር አንድ ነገር፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ማንሳት ነበረብኝ። ከዚያ መስኮት የተሻለ መፈተኛ አላገኝም ብዬ አሰብኩ።

ጣሪያው እንደ ወትሮው ነው። የርግብ ኩስ፣ የዛጉ ዲሾች፣ ሆዱ የተዘረገፈ ፍራሽ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከየመስጊዱ ስብከቱ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ።

መጋረጃው ተገለጠ... ነጭ ሻሽ ታየ... እጇ ተነሳ።

አስካለ ቀይ ሻርፗን አውለበለበችላት።

መጀመሪያ በአሮጌው አነሳሁ። ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ጥላው ለስላሳ ነው። ያረጀ ቢሆንም ምስሉን የሚቀርጸው ሴንሰሩ ትልቅ ስለሆነ ብርሃን ይጠግባል። ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ከዚያ አዲሱን ትራይፖድ ላይ ሰካሁና ቁልፉን ተጫንኩ።

ሌንሱ ወጣ... ወጣ... ሐዲዱ አለፈ፣ ዛፎቹ አለፉ፣ የግቢው አጥር አለፈ። መስኮቱ ስክሪኑን ሞላው።

መጀመሪያ ያየሁት እጇን ነው።

ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ጣቶቹም ይንቀሳቀሳሉ። የእሷ አልተንቀሳቀሱም። ተነፍተው፣ እንደ ጎማ ጓንት ተገትረዋል። አንደኛው ጣት ቀለበቱን ውጦታል። አንጓዋ ላይ ደግሞ ቆዳዋ እንደ ላላ ካልሲ ወደ ታች ተሰብስቧል።

ወደ ፊቷ ሄድኩ።

ፊቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ። የካሜራው ችግር መሰለኝ። ሴንሰራቸው ትንሽ የሆነ ካሜራዎች ነጠብጣብ ያበዛሉ፤ ይህንንም ልጽፍ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

ነጠብጣቡ ተራመደ።

ዝንብ ነው።

ከከንፈሯ ወደ ጉንጯ፣ ከጉንጯ ወደ ዓይኗ ሄደ። ብሌኗ ላይ ቆመ። እዚያው ቆሞ እግሮቹን አሻሸ... ዓይኗን አልጨፈነችም።

እጇ ግን መወዛወዙን አላቋረጠም።

ዞር አልኩና ቁርሴን በሙሉ የርግቡ ኩስ ላይ መለስኩት።

«ምን ሆንክ?» አለችኝ አስካለ፤ ሻርፗን ማውለብለቧን ሳታቆም።

«ምንም... ፀሐዩ ነው።»

«ጥሩ ወጣች?»

«ወጣች።»

«አሳየኛ።»

«ቤት ስንገባ።»

«ቶማስ።»

«ቤት ስንገባ አልኩሽ።»

ገፋ አድርጋኝ ዓይኗን አስጠጋች። ልከለክላት እችል ነበር፤ አልከለከልኳትም። ብቻዬን ማየት ስላልፈለግሁ ይመስለኛል። በዚህም አፍራለሁ።

ረጅም ጊዜ አየች። አልጮኸችም። ዓይኗ ካሜራው ላይ ሆኖ ቀኝ እጇ ሻርፑን ያውለበልባል።

«ግንባሯ ላይ ያለችው ጠባሳ...» አለች በሹክሹክታ። «እሷ ናት።»

«አስኩ...»

«ሞታለች አይደል?»

እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ።

«ታዲያ ማን ነው እጇን የሚያወዛውዘው?»

እኔም እንደገና አየሁ። ከኋላዋ ሰው ፈለግሁ፣ ገመድ ፈለግሁ፣ የሆነ ነገር ፈለግሁ። ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው የነበረው።

መጋረጃው ተመለሰ።

«አመጣታለሁ» አለች አስካለ። «ሬሳም ብትሆን አመጣታለሁ። ዛሬ እዚያ ቤት አታድርም።»

አሮጌውን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ አዲሱን በእጄ እንደያዝኩ ተከተልኳት። ሐዲዱን በድልድዩ ተሻገርን። የግቢው ጥበቃ ለሶላት ሄዶ ወንበሩ ላይ ጃኬቱ ብቻ ተሰቅሏል። ሊፍት አልጠበቅንም።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሽታው ጀመረን።

የክሎር በረኪና... ቡኹር የሚሉት የዕጣን ጭስ... ከሥራቸው ደግሞ ጣፋጭ ነገር። የበሰበሰ ማንጎ ዓይነት። አፌን ብዘጋም ምላሴ ላይ ተሰማኝ። ምራቄን መዋጥ አስጠላኝና ደረጃው ላይ ተፋሁ።

አስካለ አምስተኛው ፎቅ ላይ የበሩን ደወል ደወለች። ማዳም ራሷ ከፈተች።

ስልሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ሐር ጋውን ለብሳ፣ ሽቶ የጠጣ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። አስካለን ስታይ ማን እንደሆነች አልጠየቀችም፤ የእህትማማቾቹ መልክ አንድ ነው።

«ልትወስዷት ነው?» አለች በዓረብኛ። «ውሰዷት። ኸላስ፣ በቃ፣ ውሰዷት።»

«ምን አደረግሻት?»

«ወላሂ አልነካኋትም። አሟት ነበር። ሐኪም ነገ እንጠራለን አልን... ጠዋት አልነሳችም።»

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት አልፏታል።»

ወደ ኮሪደሩ ዞራ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባለቤቴ ፖሊስ ፈራ። ክፍሏን ቆለፍነው። ዓርብ ሲደርስ ግን የወንበሩን ድምፅ ሰማን... ተነሥታለች። በየዓርቡ ትነሳለች። መስኮቱ ጋ ትቆማለች፣ እጇን ታወዛውዛለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ለማን እንደሆነ አናውቅም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከግድግዳው ማዶ ምሳቸውን ሲበሉ ከርመዋል። ቡኹር እያጨሱ፣ ክሎር እየረጩ፣ እንግዳ እየተቀበሉ። መስኮቱ ላይ ካየሁት ይልቅ ይህች ሴትና መሐረቧ አንገሸገሹኝ።

ቁልፉን አስካለ እጅ ላይ ጥላ ወደ ሳሎን ሸሸች።

አስካለ ከፈተች።

ክፍሉ ባዶ ነው።

ከመታጠቢያ ቤት አይሰፋም። ጠባብ አልጋ፣ መሃል ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከፊት መስኮቱ። የወንበሩ መቀመጫ ላይ ቡናማ ፈሳሽ አቁሯል። መደገፊያው ላይ ፀጉር ከነሥሩ ተጣብቆ ቀርቷል። መጋረጃው እንደገና ተገልጧል፤ የመስኮቱ መስታወት በዝንብ ጠቁሯል።

«ከፍዬ?» አለች አስካለ፤ በጣም ቀስ ብላ።

አልጋው ሥር አጎንብሳ አየች። የለችም። ሌላ በር የለም፣ ቁም ሳጥን የለም። ወንበሩን በጎን አልፈን መስኮቱ ጋ ደረስን። አስካለ በመዳፏ ዝንቦቹን ገፋ አደረገችና ወደ ውጭ ተመለከተች።

ከዚያ ደርቃ ቀረች።

ከሐዲዱ ማዶ፣ አሁን ትተነው በመጣነው ጣሪያ ላይ፣ ከዲሾቹ መሃል... አንዲት ወፍራም ሴት ቆማለች። ነጭ ሻሽ አስራለች። ወደ እኛ እጇን ታወዛውዛለች።

ሱፐርዙሙን አነሳሁ። አስካለ ሌንሱን ይዛ ወደ ታች ገፋችው።

«አታጉላት።»

«አስኩ፣ እንውጣ።»

«በአሮጌው አንሳት።»

«ምን?»

«እማዬ ፎቶ እየጠበቀች ነው።»

«ልትወስጃት አይደል የመጣሽው?»

«መሞቷን እማዬ እንዳትሰማ ብላ ነው የምትነሳው» አለች። «ሌላ ምን አላት? አንሳት።»

እሷም እጇን አንስታ ማወዛወዝ ጀመረች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ፊቷ ግን ፈገግ ብሏል።

አሮጌውን ከአንገቴ አንስቼ ዓይኔ ላይ አደረግሁ። ያን ቀን ቪውፋይንደሩን አልጠረግሁም። በእሱ ውስጥ ከፍያለች ደህና ናት። ክብ ፊት፣ ነጭ ሻሽ፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ሰማይ። የማያውቃት ሰው ቢያያት ኑሮዋ ያስቀናዋል።

ዲኤስኤልአር ስትጫኑ ውስጡ ያለው መስታወት ብድግ ይላል፤ ለቅጽበት ምንም አይታያችሁም።

ተጫንኩ። ጨለመ... በራ። አለች።

ደገምኩ። ጨለመ... በራ። አለች።

ሠለስኩ። ጨለመ... በራ።

ጣሪያው ላይ ማንም የለም።

ከኋላችን የፕላስቲኩ ወንበር ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት ሲጥ አለ።

አስካለ አልዞረችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች፣ የታመመ ሰው በሚያባብሉበት ድምፅ ተናገረች።

«እልክላታለሁ» አለች። «አይዞሽ፣ ዛሬውኑ እልክላታለሁ።»

መስታወቱ ላይ የነበሩት ዝንቦች በሙሉ ባንዴ ተነሱ፤ በጆሯችን አጠገብ አልፈው ወደ ኋላችን ሄዱ።