የመሳቢያው ዘንዶ

ቴዎ ሞቶ የተገኘው በውጭ አገር፣ ኖርዝ ዮርክ በሚባል ሰፈር በሚገኘው የአክስቱ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ፍራሹ ላይ ነው። መርማሪ ዙበይዳ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። ወሬው ግን ጎረቤት ደርሶ ነበር፤ በገዛ እጁ ያሳደገው ዘንዶ ልጁን አንቆ ገደለው ተብሏል።

ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት ጠልተዋል። ቴዎን ከልጅነቱ ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ ትርፌ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ታቅፈው ሶፋው ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል። ልጃቸው ዓለማየሁ በሩ ላይ ተገትሮ የገባ የወጣውን ይገላምጣል። የቴዎ እጮኛ ዮዳሄ ለቅሶዋን እያቋረጠች አክስትየውን ትሳደባለች።

«እባብ የሰይጣን ነው ብለው ከእባቦቹ ጋር በረዶ ቤት ከተቱት። አሁን ደስ ይበልዎት።»

ወይዘሮ ትርፌ መጽሐፉን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ዓለማየሁ ወደ መርማሪዋ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ? ገዳዩ ታች መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አኒማል ኮንትሮል ኮል አድርጊ፣ አውሬውን ይውሰዱትና ጨርሺ።»

ዙበይዳ ስድብ አያስደነግጣትም። የተናደደ ሰው ከልክ በላይ እንደሚያወራ ከሥራዋ ተምራለች፤ ስለዚህ በኋላ ልታናግረው አስባ ወደ ታች ወረደች።

ክፍሉ ድሮ ድንችና ሽንኩርት ይቀመጥበት ነበር። የጥር ብርድ ከሲሚንቶው ወለል እየተነሳ አጥንት ይሰብራል። ከፍራሹ ፊት ለፊት የፕላስቲክ መሳቢያዎች የተደረደሩበት መደርደሪያ ቆሟል፤ በየመሳቢያው አንድ እባብና አንድ የውሃ ሳህን አለ። ክፍሉን በሙሉ ማሞቅ ስላልተቻለ ቴዎ ከመሳቢያዎቹ ጀርባ የማሞቂያ ገመድ ዘርግቶ እባቦቹን ብቻ ያሞቅ ነበር። ለራሱ ሁለት ብርድ ልብስ ይበቃው ነበር።

ዙበይዳ መጀመሪያ የሟቹን አንገት አየች። ምልክቱ ቀጭን፣ ጠርዙም ቀጥ ያለ ነው። የዘንዶው ውፍረት ግን የሰው ክንድ ያክላል። ከዚያ የማሞቂያውን ገመድ ነካች፤ ሞቋል። መሳቢያ ስባ ጣቷን የውሃው ሳህን ውስጥ ስትከት ግን ውሃው እንደ በረዶ ቀዘቀዛት። ሌሎቹም እንዲሁ ነበሩ። ማሞቂያው ሲሠራ የከረመ ሳይሆን ገና አሁን የበራ ነው።

ዓለማየሁን ለብቻው ጠየቀችው። ቴዎን ለሥራ ሊቀሰቅሰው ሲወርድ ዘንዶውን አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንዳገኘው፣ አላቅቆም መሳቢያው ውስጥ እንደመለሰው ነገራት።

«ስትይዘው እንዴት ነበር?»

«ምን ማለት ነው እንዴት?»

«እጅህ ላይ።»

«ይሞቃል። ማሞቂያ ላይ አይደል የሚኖረው? ሲጨምቅ ጡንቻው ይሰማኝ ነበር። በመከራ ነው ያላቀቅኩት።»

«በባዶ እጅህ?»

«ጓንት ስፈልግ ልቁም?»

ዮዳሄ ደግሞ ቴዎ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር ተናገረች። ሰኞ ፖሊስ ጋ ሄጄ የምናገረው ነገር አለ ብሏት፣ ምን እንደሆነ ግን አክስቴን ይጎዳል ብሎ ደብቋታል።

ዙበይዳ ወደ ውጭ ወጣች። የዓለማየሁ ፒክአፕ በረንዳው አጠገብ ቆሟል። አንዱ የፊት መብራት በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ ሌላው አዲስ ነው። ከኋላ ዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለው ወፍራም የቆዳ ጓንት የእባብ ቤት ሽታ ይሸታል።

ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ማሞቂያው ጠፍቶ ነበር። ያጠፋው ማነው?»

ዮዳሄ ጣቷን ወደ ወይዘሮ ትርፌ ቀሰረች። ዓለማየሁ እናቴን ተዉአት ብሎ ጮኸባት። ወይዘሮ ትርፌ መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔ ነኝ ልጄ። ትናንት ጠዋት ለጸሎት ስወጣ የማሞቂያውን ብሬከር አጠፋሁት፤ በብርድ ይሙቱልኝ ብዬ። ቴዎ ቀንና ማታ ደብል ሺፍት ሠርቶ ሲመጣ ደክሞት ሳያያቸው ተኛ። ዛሬ የዓለማየሁን ጩኸት ስሰማ በጥፋቴ ደንግጬ ሮጬ መልሼ አበራሁት። ያ አውሬ በርዶት ተቆጥቶ ነው የወጣው። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እኔን እሰሩኝ።»

ዙበይዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እባብ የራሱ ሙቀት የለውም፣ እማማ። የሚይዘው የሰጡትን ነው። ቀኑንም ሌሊቱንም በዚያ ክፍል ማሞቂያ ካጣ እንደ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ይደነዝዛል። እንኳን ሰው ሊያንቅ መሳቢያውን ገፍቶ መውጣትም አይችልም። ሰው ነው አውጥቶ አንገቱ ላይ የጠመጠመው።»

ከዚያ ወደ ዓለማየሁ ዞረች።

«አንተ ግን ይሞቃል አልከኝ። ፈርተኸው በወፍራም ጓንት ስለያዝከው ቅዝቃዜው አልተሰማህም። ሁልጊዜ ማሞቂያ ላይ እንደሚኖር ታውቃለህና ሙቅ መሰለህ። የቴዎን አንገት ያነቀው መኪናህ ላይ ያለው የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ነው። ሰኞ ሊናገር የነበረው፣ አክስቱን የሚጎዳው ነገርም ያንተ ነው፤ አንዱ የፊት መብራትህ አዲስ ነው፣ አሮጌው በተሰበረ ቀን ሰው ገጭተሃል።»

ዓለማየሁ መርማሪዋን አላያትም። ዓይኑ እናቱ ላይ ነበር።

«ብስክሌተኛ ነበር፤ በድንገት ገባብኝ። ቴዎን ለምኜዋለሁ፣ እማዬ። እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። እምቢ አለኝ።»

ወይዘሮ ትርፌ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ለመሸከም የተናገሩት ቃል ልጃቸውን አሳልፎ እንደሰጠ ገባቸው። ዙበይዳም አላባበለቻቸውም። ብሬከሩ መቼ እንደጠፋ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ፍርድ ቤት እንደሚጠየቁ፣ እሳቸው ዝም ካሉ ክሱ ሊላላ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«እማዬ፣» አለ ዓለማየሁ፤ ድምፁ የልጅነቱን ሆነ። «መቼ እንዳጠፋሁት አላስታውስም በያቸው። ሌላ ምንም አልልሽም።»

ዮዳሄ እንኳ ስድቧን ረስታ ጠበቀች። ወይዘሮ ትርፌ ልጃቸውን ብዙ አዩት፤ እንደሚወዱት ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ጠልተውትም ነበር።

«ታች የተኛውም ልጄ ነው» አሉት። «ትናንት ጠዋት እንዳጠፋሁት ዳኛው ፊትም እደግመዋለሁ።»

ከዚያ ሶፋውን ተደግፈው ተነሡና ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃላቸውን ለመስጠት የበረዶ ጫማቸውን ፍለጋ ወደ በሩ ሄዱ።