ሦስተኛው ማሽን

ሰውዬው ቻርጀሩን ባንኮኒው ላይ ወረወረው።

«ትናንት የገዛሁት ነው። ሁለት ሰዓት እንኳ አልሠራም።»

«ዋስትና የለውም ጋሼ። ግን እቀይርልዎታለሁ።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር። ሀሲና ቻርጀሩን አንስታ በመዳፏ መዘነችው። ከበድ ይላል። ሆዱ ውስጥ ፍላሽ አለ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ ጠባብ የሞባይል ዕቃ ሱቅ። ከተማው ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ገብቷል። መንገዱ ላይ ከፍየሎች በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

ሀሲና እውነተኛ ስሟ አይደለም። ሰው አዘዋዋሪዎችን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት «መርፌ» ይላታል። ሰውዬው ጀማሉዲን ነው፤ ለሰው የበርበራ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር፣ ለእሷ አለቃ። የሚስጥር ስሙ «ፍሬን»። ስድስት ወር አብረው ሠርተዋል።

«ዛሬ» አለ፣ አዲሱን ቻርጀር እያገላበጠ። «ፍላሹን የኸይሩ ኮምፒውተር ላይ ትሰኪያለሽ። የዓብዲቃድርን ማሽን ራሱ ይገለብጠዋል። ከአሥር ሰዓት በፊት ጨርሺ።»

«ነገ አልነበረም እንዴ?»

«ዛሬ አልኩሽ።»

ወጣ።

ሀሲና ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ዓብዲቃድር።

ይህን ስም ለማንም አልነገረችም። በላከችው ሪፖርት ሁሉ «ሦስተኛው ማሽን» ብላ ብቻ ነበር የጻፈችው። ስሙን ራሷም ያወቀችው ትናንት ነው። ፍሬን ከየት አመጣው?

ሱቁን ዘጋች። በቀጥታ አልሄደችም፤ ሁለት ጊዜ ዞራ፣ አንድ ጊዜ ጫማዋን ለማስተካከል ጎንበስ ብላ ኋላዋን አየች። የተከተላት የለም። ወይም እሷ አላየችውም።

ኸይሩ የወራቤ ልጅ ነው። ጠዋት የየቢሮውን ኢንተርኔት ይጠግናል፤ ከሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊኑክስ ከሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር ይውላል። ጎኑ የተከፈተ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ከሥሩ የሶላር ባትሪዎች፣ በሩ አጠገብ እህቱ ሱሀይላ ከነልብስ ስፌት መኪናዋ። ሀሲና ኮምፒውተር ልማር ብላ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። በመጀመሪያው ቀን በኩራት እንዲህ ብሏት ነበር፦ «የምታዪው አንድ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ግን አምስት አሉ። ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። አንዱ ቢቃጠል ጎረቤቱ አይሰማም።»

ማሽኖቹን ለደንበኞች ያከራያል። አንዱ የትምህርት ቤት፣ አንዱ የክሊኒክ ነው። ሦስተኛውን የተከራየው የትራንስፖርት ወኪል ነኝ የሚል ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚጠረጥረው እሱን ነበር። ወጣቶችን ሥራ አለ ብሎ ያመጣል፣ ከዚያ ይዘጋባቸዋል። የት እንደሚዘጋባቸው የሚያውቅ የለም።

«ኸይሩ፣ ይሄን ፍላሽ ደንበኛ ረስቶት ሄደ። ቫይረስ እንዳይኖርበት ፈራሁ።»

ዓይኑ በራ። «ነይ እናየዋለን።» በደቂቃ ውስጥ አዲስ ማሽን ፈጠረ። ከኢንተርኔት አቋረጠው። «አሁን ያለበትን ሁኔታ ፎቶ አነሳሁት። ምንም ቢደርስበት ወደዚህ እመልሰዋለሁ።»

ሰካው።

ነጫጭ ፊደላት ስክሪኑ ላይ ሮጡ። ከዚያ ጥቁር ሆነ።

የኸይሩ ፈገግታ ጠፋ። «ያጠፋል እኮ!» ማሽኑን ወደ ፎቶው መልሶ፣ አሁን ፍላሹ ላይ ያለውን ትእዛዝ ከፍቶ ያነብ ጀመር። «መጀመሪያ አንድ ስም ይፈልጋል። የዓብዲቃድርን ማሽን። እሱንም፣ ደንበኛው ራሱ ሊነካቸው የማይችላቸውን የእኔን ቅጂዎችም ይደመስሳል። ከዚያ የቀረውን ሁሉ።» ወንበሩን አዞረ። «ሀሲና፣ ይህን ማን ሰጠሽ?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

ሀሲና ሦስት ውሸት አዘጋጅታ ነበር። አንዱንም አልተናገረችም።

«ደንበኛህ አዘዋዋሪ ነው። ሰው ቆልፎባቸዋል። ቦታው ማሽኑ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ይህን የሰጠኝ ሰው ይገለብጣል ብሎኝ ነው።»

«አንቺ ማነሽ?»

«እሱን ተወው። ክፈተው።»

«የሰው ማሽን አልከፍትም። የሚያምኑኝ ለዚህ ነው።»

«ኸይሩ» አለች ሱሀይላ ከበሩ። «እኛን እንዴት አድርገው እንዳመጡን ረሳኸው?»

ኸይሩ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ መልሶ የሦስተኛውን ማሽን የትናንት ቅጂ ከፈተ።

የፓስፖርትና የመታወቂያ ፎቶዎች። አርባ አንድ ፊት። ትንሿ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አያሃ ሰፈር፣ ከሰማያዊው የውኃ ታንከር ጀርባ ያለ ግቢ። ጉዞ፦ ነገ ጎህ ሲቀድ። የሚጭነው መኪና ታርጋ።

ታርጋውን ታውቀዋለች። የፍሬን ነው።

ስልኳ ነዘረ።

«ጨረስሽ?»

«ጥቂት ደቂቃ ቀርቶኛል።»

«በር ላይ ነኝ።»

ኸይሩ ሰምቷል። ፎቶዎቹንና አድራሻውን ክብሪት ቀፎ ወደምታህል ዲስክ ገለበጠ። ሱሀይላ ሳትጠየቅ እጇን ዘረጋች፤ ዲስኳ ጂልባቧ ሥር ገባች። ሀሲና በጆሮዋ አንድ ስልክ ቁጥር ነገረቻት። «ኢፍቲን የምትባል ፖሊስ ናት። በእጇ ስጫት። ለሌላ ለማንም አይሆንም።» ቁጥሩ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰጣት ነው። ከተደወለበት በኋላ ሀሲና የምትባል ሴት ሐርጌሳ ውስጥ ልትኖር አትችልም።

በሩ ተንኳኳ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩም ሰላም» አለች ሱሀይላ እየከፈተች።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ክር አልቆብኝ።»

ጀማሉዲን እጆቿን አየ። ባዶ ናቸው። ፊቷን አየ።

አሳለፋት።

ገብቶ ከኸይሩ ጀርባ ቆመ። ቀኝ እጁ ከጃኬቱ አልወጣም። «ከዚህ የተቀዳ ነገር አለ?»

«የለም» አለ ኸይሩ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ጀማሉዲን ወደ ሀሲና ዞረ። «መርፌ?»

«ስድስት ወር ሙሉ ዋሽቼዎት አውቃለሁ?»

ጀማሉዲን ፍላሹን በአገጩ አመለከተ። «ሰካው። ከእነዚህ ከውስጦቹ አንዱ ላይ እንዳይመስልህ። ዋናው ላይ።»

ኸይሩ ቀና አለ። ዋናው ላይ ማለት የትምህርት ቤቱ፣ የክሊኒኩ፣ እሱ ስድስት ዓመት የሠራው ሁሉ ማለት ነው። እምቢ ቢል ደግሞ ሱሀይላ ገና መንገዱን አልተሻገረችም።

ሀሲና ኸይሩን እያየች ዓይኗን አልሰበረችም።

ሰካው።

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጠፉ። የመጨረሻው ሲጠፋ ጀማሉዲን የኸይሩን ትከሻ መታ መታ አደረገ፣ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «በርትተሻል» አላት። «ነገ አዲስ ትእዛዝ ይደርስሻል።»

ሁለቱም የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ አዳመጡ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኳ ጮኸ። ኢፍቲን ጅግጅጋ የተማረችውን አማርኛ በአጭር በአጭሩ ታወራለች። «ግቢውን አገኘነው። ሹፌሩ ኬላ ላይ ተይዟል። ሠላሳ ስምንት ሰው አወጣን።»

«አርባ አንድ ናቸው።»

ከወዲያ ማዶ ወረቀት ተገላበጠ።

«ሦስቱን ጠዋት ወስደዋቸዋል። እየፈለግን ነው።»

ሀሲና ሲሙን አውጥታ ሰበረችው።

ኸይሩ ባዶው ስክሪን ፊት እንደተቀመጠ ነበር። «የትምህርት ቤቱን ሰዎች ምን እላቸዋለሁ?»

«ምንም አትልም። ዓብዲቃድር አልተያዘም። ምስጢሩ ከየት እንደወጣበት ዛሬውኑ ይገባዋል። መኪና አዘጋጅቻለሁ፤ ከእህትህ ጋር ወደ ድንበሩ ወደ ዋጃሌ ትወጣላችሁ።»

«አንቺ ስትመጪ ሥራ ነበረኝ» አላት። «ቤት ነበረኝ።»

«አውቃለሁ።»

ተመልሳ የመጣችው ሱሀይላ ስፌት መኪናዋን ከነመርፌው ትታ አንድ ሻንጣ አነሳች። ሀሲናን አቅፋ ሳመቻት። ኸይሩ ግን እጁን ሳይሰጣት መኪናው ውስጥ ገባ።

እሷ ወደ ቡርዖ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። መሀል ወንበር፣ ሕፃን ካዘለች ሴትና ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ከያዘች ነጋዴ መካከል። ኒቃቧን አወረደች። ረዳቱ ሰው ቆጥሮ በሩን ዘጋ፤ ፊቷን ያየ አልነበረም።

የቀሩት ሦስቱ የትኞቹ እንደሆኑ ኢፍቲን አልነገረቻትም። ስለዚህ መኪናው ከከተማ እስኪወጣ፣ አርባ አንዱንም ፊት አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረች።