ሦስተኛው ሲስተም

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለሽ፣ እህቴ» አለ ጉናዲ። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አኖረው፤ እጁን ግን አላነሳም።

ላራስ በላብ የረጠቡ ጣቶቹን አየች። ምራቋ መረራት።

የኢንዶኔዥያዋ የሱራባያ ከተማ የኮምፒውተር ገበያ የሚያውቃት ኒንግ የምትባል ጠጋኝ አድርጎ ነው። ለምትሰልልለት የስለላ ቢሮ ግን «እንሽላሊት» ናት። ይህን ሰው ሰባት ወር አድፍጣ ጠብቃዋለች። ጉናዲ ለዓሣ አጥማጅ መርከቦች ሠራተኛ ቀጣሪ ነኝ ይላል። የሚቀጥራቸው ወጣቶች ግን ሄደው ይቀራሉ።

«ምን ላድርግልዎ፣ ጌታዬ?»

«ሦስት ሲስተም አለው። አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለኔ። ሲበራ የፖሊሱ በራሱ ይነሳ። ምርጫ የሚባል እንዳያሳይ። የኔ የሚመጣው ይቺን ቁልፍ ስጫን ብቻ ነው።»

«የፖሊሱ ውስጥ ምን አለ?»

«የልጄ የሠርግ ፎቶ!» ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ይዩና ይመርቁን!»

የማስነሻውን ፋይል ከፈተች። ኮምፒውተሩ ሲበራ የትኛው ሲስተም እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ ነው። የፖሊሱን አስቀደመች። የመጠበቂያውን ጊዜ ዜሮ ሰከንድ አደረገች። ከዚያ ማንም ያላዘዛትን አራተኛ መስመር ጨመረች። የሷ ሚጢጢ ሲስተም ከሁሉም ቀድሞ ይነሳል፤ የሚተየበውን የይለፍ ቃል ይቀልባል፤ ድምፁን አጥፍቶ ተራውን ይለቃል። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ ሌላ ዲስክ የላፕቶፑን ይዘት በሙሉ እየገለበጠ ነበር።

«ያ ብልጭ ድርግም የሚለው ምንድን ነው?»

ዲስኩ።

«የደንበኛ ስልክ ነው፤ ቻርጅ ላይ ነው።»

ጉናዲ ጎንበስ ሊል ጀመር።

ሆዱ አላስጎነብስ አለው።

«ይሞክሩት» አለች ላራስ። ጀርባውን ሰጥቷት የይለፍ ቃሉን ተየበ። ሦስተኛው ሲስተም ተነሳ። «ልጨርስልዎ» ብላ ተቀበለችው፤ የይለፍ ቃሉን ወስዳ አራተኛውን መስመር አጠፋች።

«እጅሽ ቅዱስ ነው። ፊትሽ ግን ሬት የላሰ ይመስላል» ብሏት ወጣ።

የቢሮው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ ዲስኩን ሳትከፍቺ ለ«ቀዛፊ» አስረክቢ። «ቀዛፊ» አለቃዋ ሄንዳርቶ ነው፤ ሥራውን ያስተማራት ሰው። ነገር ግን የመጀመሪያውን መረጃ የሰጣት የመርከብ ወጥ ሠሪ፣ ዳርሶኖ፣ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ከፈተችው።

ስም። መንደር። መርከብ። መጨረሻው ዓምድ ላይ አንድ ቃል ይደጋገማል፦ «ተጥሏል»። የታመመው ተጥሏል። የደከመው ተጥሏል። እንደ ገማ ዓሣ ወደ ባሕር።

«ዳርሶኖ። ወጥ ቤት። ተጥሏል። ወሬ አቀባይ መሆኑን ሄንዳርቶ ነገረን።»

የዳርሶኖን ስም የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ባልዲ ስባ አስታወከች።

አሁን ገባት። ሄንዳርቶ የላካት ማስረጃ ፍለጋ አልነበረም፤ ጉናዲ በሱ ላይ የያዘውን ነገር እንድታመጣለት እንጂ። ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የሚነሳ መርከብ አለ። ሠላሳ አንድ ሰው ተጭኖበታል።

ዋናውን ዲስክ ከይለፍ ቃሉና ሄንዳርቶን ከምታገኝበት ምግብ ቤት አድራሻ ጋር አሽጋ በሞተረኛ ለዓቃቤ ሕጓ ለማርሊና ላከች። የሄንዳርቶ ስም ያለበትን መስመር ሁሉ የቆረጠችበትን ቅጂ ደግሞ በፍላሽ ይዛ ወደ ምግብ ቤቱ ሄደች።

ሄንዳርቶ ጥቁር የሥጋ ሾርባ እየማገ ነበር። ፍላሹን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካ። ስሙን ፈለገ። አጣው። ትከሻው ረገብ አለ።

«ከፍተሽ አላየሽም አይደል?»

«ሕጉን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ጎበዝ ልጄ። ብይ እንጂ!»

በላች። መርከቡ እስኪያዝ ሄንዳርቶን ከስልኩ ማራቅ ነበረባት። ሥጋው አፏ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ሆነባት።

«ጌታዬ፣ ዳርሶኖ ጠፋ።»

«መርከበኛ አይደል? በየወደቡ ሚስት አለው» አለና ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሳቀ።

ዋጠችው። ሥጋውንም ሳቁንም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ።

አዳመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን አደረግሽ?»

«ሰዎቹን አወረድኳቸው።»

«ደደብ! ሰላይ መሆንሽን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ከወደቅኩ አንቺ የጉናዲ ጠጋኝ ብቻ ነሽ። ምስጢሩን የደበቅሽለት!»

«አውቃለሁ» አለችና ተነሳች። በር ላይ ሁለት የዓቃቤ ሕግ ሰዎች እየገቡ ነበር። በጓዳው በኩል ወጣች።

በምሥራቅ አቅጣጫ በሚሄደው አውቶቡስ ሬዲዮው ያወራል። ሠላሳ አንድ ሰው ከመርከብ ወርዷል። አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ታስሯል። የጉናዲን ላፕቶፕ ያዘጋጀችው ሴት እየተፈለገች ነው። አውቶቡሱ የዳርሶኖ እናት በምትኖርበት ከተማ አለፈ። ላራስ አልወረደችም። እናቱ የምታውቃት ኒንግ ብላ ነው፤ ኒንግ ደግሞ ወንጀለኛ ናት።

«ሰይጣን!» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ። «የሰው ልጅ ሲሸጥ ዐይታ ዝም ትበል? ትታነቅ እንጂ!»

«ትታነቅ» አለች ላራስ።

ሴትዮዋ ደስ አላቸው። ከቋጠሯቸው የተጠበሰ ሙዝ ሰጧት። «ስምሽ ማነው፣ ልጄ?»

በመስኮቱ አሻግራ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ላይ ያነበበችውን ስም ነገረቻቸው።