ገደል ላይ የቀረው ቁጥቋጦ

በረዶው ሁለተኛው ዳገት ላይ ያዛቸው። በቅሎዋ ቆመች። ባለበቅሎው ልጓሙን ጎተተ፣ አትክልተኛዋ ከኋላ ገፋች። ፊቷን ሲጠብሳት አልሸፈነችም። ይጥበሳት።

«እንመለስ እህቴ። ለቅጠል ብሎ የሚሞት ሰው አላየሁም።»

«ሳልይዝ አልመለስም።»

የምትፈልገው የአስታ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ነጭ አበባው እንደ ትንንሽ ደወል ይንጠለጠላል። አጎቷ ደጃፉ ላይ አንድ ነበረው፤ አስራ ሁለት ዓመት ያሳደገው። ኮምጣጣ አፈር ነው የሚወደው፣ አመድ እንዳታስጠጊው ብሏታል። እሷ ግን ቅጠሉ ሲገረጣ ቸኮለች። ለጎመኑ እንደምታደርገው አንድ ባልዲ አመድ ነሰነሰችበት። ደረቀ። ሲጠይቃት «ውርጭ ነው» አለች። ዓይኑ የደከመው አጎቷ ሳልሸፍነው ቀርቼ ነው ብሎ አመነ። ከዚያ ወዲህ አፈር አልነካም። ሶስት ወር ሙሉ ወንበር ላይ።

ጫካው ውስጥ ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ ወጣችባቸው። በቅሎዋ ደነበረች፣ ስንቁ ወንዝ ገባ። ሁለቱም ዛፍ ላይ ወጡ። የአትክልተኛዋ ጉልበት ተላጠ።

ባለበቅሎው ከላይኛው ቅርንጫፍ ሆኖ፣ «አጎትሽ ምን ያህል ቢወዱሽ ነው ይሄን ሁሉ የምትለፊላቸው?» አላት።

«የሚወዱኝ ስላላወቁ ነው።»

«ምኑን?»

«ከርከሮዋ ሄዳለች» ብላ ወረደች።

ከተራራው ጫፍ ሊደርሱ ሲሉ አንድ ባለዶማ ጠባቡን መንገድ ዘግቶ ጠበቃቸው። ከነስሩ የነቀለው ቁጥቋጦ ከኋላው ተከምሯል፤ ለሀብታም ግቢ የሚሸጥ።

«አንቺ የምታውቂ ትመስያለሽ። ባለደወሉ ይሄ ነው? ካልነገርሽኝ አታልፊም።»

አልነበረም። የባለደወሉ እምቡጥ ከቅርንጫፉ ጫፍ እንደ ጨሌ ተንዠርግጎ ይታያል፤ የዚህኛው ከቅጠሉ ስር ነው የሚወጣው። እውነተኛው ከሰውዬው ራስ በላይ፣ ገደሉ ላይ፣ አንድ ብቻ ቀርቷል።

«ራሱ ነው» አለች። «ከዚህ በላይ አትልፋ።»

ሰውዬው አመስግኗት ሸክሙን አስሮ ወረደ።

«ዓይንሽን እንኳ አላሸሸሽም» አለ ባለበቅሎው እየሳቀ። «ጉድ ነሽ።»

አልሳቀችም። ለአጎቷ «ውርጭ ነው» ስትልም ዓይኗን አላሸሸችም ነበር።

ወገቧን በገመድ አስራ ወጣች። ድንጋዩ ሁለቴ ከዳት፤ ሁለቴም ባለበቅሎው ገመዱን ያዘ። ሶስት ቀንበጥ ቆረጠች፣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ከተተች። ቁጥቋጦውን እዚያው ተወችው።

ቤት ስትመለስ አጎቷ ከወንበሩ ሳይነሳ ቀንበጡን ዳበሰ። ጫፉ ላይ ያሉትን እምቡጦች አንድ በአንድ ነካ። ፊቱ በራ። ከዚያ ቀንበጡን መለሰላት።

«ውሰጂው። እኔ ጋ ይሞታል።»

«ጋሼ፣ ውርጭ አይደለም። አመድ ነው። እኔ ነኝ የነሰነስኩት።»

እሷ የተላጠ ጉልበቷን ታያለች።

«ሶስት ወር» አለ።

«አዎ።»

የወንበሩን ክንድ ተደግፎ ተነሳ። ማጠጫውን በእጁ እየፈለገ አገኘው።

«ከጥዱ ስር አፈር አምጪ። እኔ ሳላሸተው አንድም ነገር አትተክዪም።»

«እሺ።»

«ውሃውም የኔ ነው። እንዳትነኪው።»

«እሺ ጋሼ።»

ያመጣችውን አፈር እፍኝ በእፍኝ እየዘገነ አሸተተ። ጆንያውን ይዛ ቆመች። አልቸኮለችም።